አንድ ክፍለ ጊዜ በ28 ሜጋ

ትምህርታችሁን በስልክ ቀርጻችሁ ለተማሪ ማድረስ ለምታስቡ መምህራን፣ መጀመሪያ የሠራሁትን ጉድ ልንገራችሁ። ስልኬን ኋላ ወንበር ላይ በመጻሕፍት አስደግፌ የ40 ደቂቃውን ክፍለ ጊዜ ከሰላምታው እስከ ደወሉ ቀረጽኩት። የማስተምረው ፊዚክስ ነው፤ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ፣ ከደብረ ማርቆስ ብዙ በማይርቅ ከተማ። ማታ ቤቴ ገብቼ ስከፍተው ሰሌዳው ላይ የመስኮቱ ብርሃን እንጂ ጽሑፍ አይታይም። ድምፄ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ኋላ የተቀመጡት ሁለት ልጆች ስለ ኳስ ሲያወሩ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ማን እንዳገባ ሁሉ አውቄያለሁ። ፋይሉ ደግሞ ከ4 ጂጋ በላይ ሆኗል። ፍላሼ 10 ጂጋ ባዶ ቦታ እያለው አልቀበልም አለኝ። ለካ ፋት32 በሚባለው የፋይል አደረጃጀት የተዘጋጀ ፍላሽ ባዶ ቦታው ምንም ያህል ይሁን ከ4 ጂጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም።

ቢቀበልስ ለማን ልሰጠው ነው? አብዛኞቹ ተማሪዎቼ ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ናቸው። ዓርብ ከሰዓት ስንቅ ሊያመጡ ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ፣ እሑድ ማታ ይመለሳሉ። ስልክ ያለው ልጅ ስልኩ በዘፈን ተሞልቷል፤ ስልክ የሌለው ከታላቅ ወንድሙ ተውሶ ነው የሚያየው። ዳታ የሚገዛ ቢኖር በቀን ጥቂት ሜጋ ነው። እሱም ኔትወርክ ሲኖር።

ስለዚህ ቀረጻ ከመጀመራችሁ በፊት ያን ልጅ አስቡት። ፋይሉ ስልኩ ላይ ይገባለታል? በምን በኩል ይደርሰዋል? ማታ፣ ቻርጁ 20 ፐርሰንት ላይ ወርዶ፣ ያለ ኢርፎን ሲከፍተው ድምፁ ይሰማዋል? ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ ከእነዚህ ጥያቄዎች የመጣ ነው። ካሜራ ግዙ አልላችሁም። ያላችሁ ስልክ ይበቃል።

ክፍሉን አትቅረጹ

ክፍል ውስጥ ከምናሳልፈው ጊዜ ግማሹ ለቪዲዮ አይሆንም። ስም ጥሪ አለ፣ «ዝም በሉ» አለ፣ ሰሌዳ ማጥፋት አለ፣ ዘግይቶ የገባ ልጅ አለ። ይህን ሁሉ ቤቱ ቁጭ ብሎ በዳታው የሚያይ ሰው ምን አድርጎ?

እኔ አሁን የማደርገው ይህን ነው። ትምህርቱን ክፍል ውስጥ እንደወትሮው አስተምራለሁ። ልጆቹ የት ላይ እንደተደናገሩ፣ ምን ብለው እንደጠየቁ በማስታወሻዬ እይዛለሁ። ከዚያ ክፍሉ ባዶ ሲሆን ያንኑ ትምህርት እንደገና፣ ባጭሩ፣ ለአንድ ልጅ እንደማስረዳ ሆኜ እቀርጻለሁ። 40 ደቂቃው 8 ደቂቃ ይሆናል። አንዳንዴ 5። እመኑኝ፣ የሚቀር ነገር የለም።

ማጠር ዳታ ለመቆጠብ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ ጥናት ኤደክስ በሚባለው የኢንተርኔት ትምህርት መድረክ ላይ የተሰበሰበ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ እይታ መርምሮ ነበር፤ ተማሪዎች ቪዲዮው ምንም ያህል ቢረዝም በአብዛኛው ከ6 ደቂቃ በላይ አይቆዩበትም። እነዚያ ዋይፋይ ያላቸው፣ በፈቃዳቸው የተመዘገቡ ሰዎች ናቸው እንግዲህ።

አንድ ቪዲዮ ውስጥ አንድ ሐሳብ ብቻ አስገቡ። ለምሳሌ ፕሮጀክታይል ሞሽንን፣ የተወረወረ ነገር እንቅስቃሴን፣ ሦስት ቦታ ከፍዬዋለሁ። የመጀመሪያው የተወረወረ ድንጋይ የአግድም ፍጥነቱ ለምን እንደማይለወጥ ነው። ሁለተኛው አየር ላይ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ። ሦስተኛው አንድ የፈተና ጥያቄ ከሀ እስከ ፐ መሥራት። ለመግቢያ ወንጭፍ ነው የምጠቀመው። ማሳ ሲጠብቅ ወንጭፍ ያልወነጨፈ የገጠር ልጅ ከየት ይመጣል? ድንጋዩ ከወንጭፉ ሲለቀቅ ወዴት እንደሚሄድ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ የጎደላቸው ስሙና ቀመሩ ብቻ ነው።

ቋንቋው ላይም አስቡበት። መጽሐፉም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጁ የሚያስበው ግን በአማርኛ ነው፤ አዊ ከሆናችሁ ደግሞ በአገውኛ። እኔ ቃሉን በእንግሊዝኛ ጽፌ ቀስ ብዬ አነበዋለሁ፣ በአማርኛ አብራራለሁ፣ መጨረሻ ላይ ጥያቄውን እንደገና በእንግሊዝኛ አነባለሁ። ሁሉንም በእንግሊዝኛ ያደረግኩት አንድ ቪዲዮ ነበረኝ። ለታይታ ነበር፣ ማንም አላየውም።

ድምፅ፣ ድምፅ፣ አሁንም ድምፅ

ምስሉ ቢደበዝዝ ልጁ ደብተሩን ገልጦ ይከታተላል። ድምፁ ካልተሰማ ግን አለቀ፣ ይዘጋዋል። እዚሁ ጎጃም ዋሸራ ስንቱን የቅኔ ሊቅ ያፈራው በምን ይመስላችኋል? መምህሩ ይናገራል፣ ተማሪው ይሰማል። ጆሮ ካገኘ ሰው ይማራል።

ዋናው ጠላት ርቀት ነው። የፊዚክስ መምህር ነኝና ታገሡኝ፦ ከአፋችሁ እስከ ማይኩ ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን ቀጥታ የሚደርሰው የድምፅ ጉልበት ወደ ሩብ ይወርዳል። የክፍሉ ማስተጋባት ግን አይቀንስም። የእኛ ክፍሎች ደግሞ ሲሚንቶ ወለል፣ ባዶ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ናቸው። ስለዚህ ስልኩ አራት ሜትር ርቆ ሲቀርጻችሁ የሚሰማው በአብዛኛው ግድግዳው የመለሰው ነው። የጉድጓዱ ድምፅ ከዚያ ነው የመጣው።

መፍትሔው ማይኩን ወደ አፍ ማምጣት ነው። ገበያ ላይ ሸሚዝ ላይ የሚሰካ ባለ ሽቦ ትንሽ ማይክ አለ፣ ሽቦ አልባም አለ። ከመግዛታችሁ በፊት መሰኪያው ከስልካችሁ ጋር መግጠሙን እዚያው ሱቁ ውስጥ ሞክሩት፤ ክብ መሰኪያ የሌለው ስልክ በዝቷል። ገንዘብ ከሌለ ሁለት ስልክ ይበቃል። አንዱ ይቀርጻል፣ ሌላው የደረት ኪሳችሁ ውስጥ ሆኖ በድምፅ መቅጃ ድምፃችሁን ይይዛል። ሁለቱም ሲጀምሩ ካሜራው ፊት ቆማችሁ አንድ ጊዜ ጮክ አድርጋችሁ አጨብጭቡ። ኤዲት ስታደርጉ እጃችሁ የተገናኘበትን ምስልና የጭብጨባውን ድምፅ ታገጥማላችሁ፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ድምፅ ታጠፋላችሁ። አለቀ። የሁለተኛውን ስልክ ከጎረቤት መምህር ተዋሱ፤ ደግሞ ኪስ ውስጥ ስትከቱት የታችኛው ጫፍ ወደ ላይ ይሁን፣ በአብዛኛው ማይኩ ያለው እዚያ ነው።

ዝናብ ደግሞ አለላችሁ። ሰኔ ላይ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ሥር ሆኖ ለመቅረጽ መሞከር ከሰማይ ጋር መጨቃጨቅ ነው፤ የትኛውም አፕ የጎጃምን ዝናብ ከድምፃችሁ ለይቶ አያወጣላችሁም። ጠዋት ቅረጹ። ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ጸጥ ስለሚል ጥሩ ነው፤ ግን ገበያ አጠገብ ከሆናችሁ እሱም አይሆንም፣ የአህያ ጩኸት ያለበት ቪዲዮ አለኝ። ልጆቹ ከትምህርቱ ይልቅ እሷን ነው የሚያስታውሱት።

ሙሉውን ከመቅረጻችሁ በፊት 30 ሰከንድ ቅረጹና በኢርፎን ስሙት። ይህን ሳላደርግ ቀርቼ፣ ማይኩ እስከ ውስጥ ድረስ አለመሰካቱን ያወቅኩት አራት ቪዲዮ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ስልኩና ሰሌዳው

ስልኩን አግድም አድርጉት። ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት፤ የጣት ቅባት ምስሉን ጉም ያስመስለዋል። የአውሮፕላን ምልክቷን ንኩ። አንዴ ጥሩ አድርጌ እየቀረጽኩ አጎቴ ደወለ፣ ስልኬም መቅረጹን አቆመ፤ እኔ ግን ሳላውቅ ባዶ ስልክ ፊት 7 ደቂቃ አስተማርኩ።

ጥራቱን 720 ላይ አድርጉት። 1080 ላይ ብዙ ስልክ በደቂቃ ከ100 ሜጋ በላይ ይበላል፣ ለጠመኔ ጽሑፍ ደግሞ ትርፉ አይታይም።

ብርሃን ከጎን ይምጣ። መስኮቱ ከኋላችሁ ከሆነ ፊታችሁ ይጠቁራል፣ ከሰሌዳው ትይዩ ከሆነ ሰሌዳው ያብለጨልጫል። መጋረጃ ከሌለ ነጠላም ይሠራል። ሰሌዳውን በዳስተር ብቻ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ አጽዱና እስኪደርቅ ጠብቁ፤ ግራጫ ሰሌዳ ላይ ነጭ ጠመኔ አይነበብም። ጽሑፋችሁ ከወትሮው በእጥፍ ይተልቅ። መለኪያው ቀላል ነው፦ የቀረጻችሁትን በዚያች ትንሽ ስልክ ክንድ ዘርግታችሁ ስታዩት ይነበባል? ካልተነበበ አጥፉትና እንደገና ጻፉ። ሰሌዳውን ሙሉ ከማሳየት ግማሹን ብቻ አቅርባችሁ ብትቀርጹ ይሻላል። እናንተ ስትንቀሳቀሱ ካሜራው ጥራቱንና ብርሃኑን እየቀያየረ እንዳያስቸግር ሰሌዳው ላይ ጣታችሁን ለትንሽ ጊዜ ተጭናችሁ ቆልፉት፤ ብዙ ስልክ ይህ አለው።

ሰሌዳ የማይመቻችሁ ከሆነ፣ ወይም ካሜራ ፊት መቆም የምታፍሩ ከሆነ (እኔ አፍር ነበር)፣ በወረቀት ሥሩት። የፕላስቲክ በርጩማ ታውቃላችሁ አይደል፣ መቀመጫው መሃል ላይ ቀዳዳ ያለው? እሱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ስልኩን በርጩማው ላይ አስተኙት፣ ካሜራው በቀዳዳው በኩል ወደ ታች ይይ። ወረቀቱ በእግሮቹ መሃል ይሁን፣ እጃችሁን አስገብታችሁ ጻፉ። አፋችሁም ለስልኩ ቅርብ ነው፣ ድምፁ ጥርት ይላል። አንድ ነገር ብቻ፦ ስልክ ወደ ታች ሲያይ የትኛው ጎን ላይ እንደሆነ ይጠፋበታል፣ ስለዚህ መጀመሪያ አግድም ይዛችሁ ቀረጻውን አስጀምሩና ከዚያ አስተኙት። ለሂሳብና ለፊዚክስ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም። እጅ እየጻፈ ሲያዩ ልጆቹም አብረው ይጽፋሉ።

ፓወር ፖይንት የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር አያስፈልጋችሁም፤ ስላይዱ ላይ ድምፃችሁን ቀድታችሁ ከዚያው ከፓወር ፖይንት ቪዲዮ አድርጋችሁ ማውጣት ትችላላችሁ። የኮምፒውተሩን ስክሪን ራሱን መቅረጽ ካሻችሁ ኦቢኤስ የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው።

ኤዲት

እዚህ ላይ ብዙ አትድከሙ። ካፕከት ወይም ኢንሾት የሚባለው የቪዲዮ አፕ ስልክ ላይ ይበቃል። የምትሠሩት ሦስት ነገር ነው፦ መጀመሪያና መጨረሻ ያለውን መቁረጥ፣ የተሳሳታችሁበትንና ዝም ያላችሁበትን ማውጣት፣ ድምፁን ከፍ ማድረግ። ስትሳሳቱ ቀረጻውን አታቋርጡ። ሁለት ሰከንድ ዝም በሉና ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ድገሙት፤ ኤዲት ላይ ዝምታው በድምፁ መስመር ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ስለሚታይ የት እንደምትቆርጡ ፈልጋችሁ አታጡም። ሙዚቃ አታስገቡ። የሚሽከረከር ጽሑፍ፣ የሚፈነዳ ኮከብ፣ የ20 ሰከንድ መግቢያ ከነስማችሁ... ተዉት። ልጁ በዳታው ከፍሏል። ካፕከት መጨረሻ ላይ የራሱን ምልክት ይጨምራል፣ እሱንም ሰርዙት።

መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር ላይ ከሆናችሁ ሥራው እንዳይጠፋባችሁ በየደቂቃው ሴቭ አድርጉ። ይህን ለጎጃም መምህር መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

አሁን ስለ መጠን። የቪዲዮ ክብደት የሚወሰነው በሰከንድ በሚይዘው ዳታ ነው፤ ቢትሬት ይሉታል። ሰሌዳ ወይም ወረቀት ብዙም ስለማይንቀሳቀስ ትንሽ ይበቃዋል። እኔ ስጨርስ 480 ላይ አወርደዋለሁ፣ ምስሉ በሰከንድ 400 ኪሎ ቢት፣ ድምፁ 64 ኪሎ ቢት፣ ሞኖ፣ ማለትም በአንድ መስመር ብቻ። ሲደመር 464 ነው። 8 ቢት አንድ ባይት ነውና ለ8 ብታካፍሉትና በ60 ሰከንድ ብታበዙት በደቂቃ 3.5 ሜጋ ባይት ገደማ ይመጣል። የ8 ደቂቃ ትምህርት ወደ 28 ሜጋ ሆነ ማለት ነው። አንድ 8 ጂጋ ሚሞሪ ካርድ ከ250 በላይ ይይዛል። የዓመቱ ፊዚክስ ሙሉ ይገባና ለዘፈንም ቦታ ይተርፋል።

ስልክ ላይ ያሉት አፖች ቢትሬት ዝቅ ማድረግ ካልፈቀዱላችሁ ኮምፒውተር ላይ ሀንድብሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። የጥራት ቁጥሩን ከ22 ወደ 28 ስትወስዱት ፋይሉ ይቀንሳል። በዚህ ፕሮግራም ቁጥሩ ሲጨምር ጥራቱ ነው የሚወርደው፤ እኔ ተገላቢጦሽ መስሎኝ አንድ ማታ ሙሉ ለፍቻለሁ።

ከቪዲዮው ጎን ድምፁን ብቻ ለይታችሁ አውጡ። 8 ደቂቃ በ32 ኪሎ ቢት 2 ሜጋ እንኳ አይሞላም። በመንገድ፣ ከብት ሲጠብቅ፣ ጀሪካን ተሸክማ ስትሄድ ይሰማል። ለታሪክና ለባዮሎጂ ከቪዲዮው በላይ ይሠራል፤ ለፊዚክስ ቀመር ግን አይሆንም።

ፈቃድ

ርእሰ መምህሩን ጠይቁ፣ ምን እንደምትሠሩም አሳዩ። ተማሪ የሚታይበት ከሆነ ልጁንም ወላጁንም ጠይቁ፤ በተለይ ሴት ተማሪዎች ፊታቸው ከማያውቁት ሰው ስልክ ላይ እንዲገኝ ላይፈልጉ ይችላሉ፣ መብታቸው ነው። ባዶ ክፍል ውስጥ መቅረጽ ይህን ጣጣ ሁሉ ያስቀራል። የሰው መጽሐፍ ገጽ በገጽ እየገለጣችሁ አትቅረጹ።

ለልጁ ማድረስ

ቴሌግራም ቻናል ክፈቱ። አንዱ ፋይል እስከ 2 ጂጋ ይቀበላል፣ እናንተ ግን 28 ሜጋ ነው የምትልኩት። ግሩፕ ሳይሆን ቻናል ያልኩት ግሩፕ ላይ ትምህርቱ በ«ሰላም ናችሁ» እና በስቲከር ስለሚቀበር ነው። ከላይ አንድ መልእክት ፒን አድርጉ፤ የትምህርቶቹ ዝርዝር በቁጥር፣ እያንዳንዱ ከነሊንኩ። ከቪዲዮው ሥር ስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ ስንት ሜጋ እንደሆነና ከመጽሐፉ የትኛው ምዕራፍ እንደሆነ ጻፉ። ልጁ ካርዱን ከማቃጠሉ በፊት ይወስን። ከዚያ በኩይዝ መልክ አንድ ጥያቄ ልቀቁ፤ ስንት ልጅ እንደተሳሳተ ስታዩ የሚቀጥለው ቪዲዮ ስለ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ተማሪዎቹንም ቴሌግራም ራሱ እያወረደ ዳታ እንዳይጨርስባቸው በራሱ ማውረዱን እንዲያጠፉት አሳዩአቸው።

ዩቲዩብ ለማከማቻ ጥሩ ነው። ስልክ ቁጥራችሁን ካላረጋገጣችሁ ከ15 ደቂቃ በላይ አይቀበልም፣ ግን የእናንተ 8 ደቂቃ ነው፣ ምን ቸገራችሁ። ለሰው ሁሉ ማሳየት ካልፈለጋችሁ ሊንኩ ያለው ብቻ እንዲያየው ማድረግ ይቻላል።

ከሁሉም በላይ የምተማመነው ግን በእጅ የሚሄደውን ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ሳለ የቴሌግራም ቻናል ማለት የተዘጋ በር ነበር። ያኔ ትምህርቱን ያደረሰልኝ ሚሞሪ ካርድ ነው። ዓርብ ከመለያየታችን በፊት ለሦስት ለአራት ልጅ እሰጣለሁ፣ እነሱ በብሉቱዝና ዜንደር በሚባለው የፋይል መላኪያ አፕ ለሌላው ያዳርሳሉ። ሁለተኛው ደግሞ ሞባይል ቤቱ ነው። በየከተማው ዘፈንና ፊልም የሚጭኑ ልጆች አሉ አይደል? የእኛን ከተማ ልጅ አነጋገርኩትና ኮምፒውተሩ ላይ «11ኛ ፊዚክስ» የሚል ፎልደር ከፈተልኝ። ዘፈን ሊያስጭን የመጣ ተማሪ ትምህርቱን በነፃ ይወስዳል። ልጁ ራሱ 11ኛን አቋርጦ የወጣ ነበር፣ አሁን ሰው ሳይኖር ቁጭ ብሎ ያያቸዋል።

የፋይሉ ስም ከስልኩ በወጣበት መልክ እንዳይቀር። ያ ረጅም ቁጥር ሦስተኛው ልጅ ጋ ሲደርስ ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። እኔ «11 ፊዚክስ 03 ፕሮጀክታይል ሀ» ብዬ ነው የምሰይመው፤ ቁጥሩ ከፊት ስላለ ስልኩ ራሱ በተራ ይደረድረዋል።

በእጅ የሚሄድ ነገር አንድ ችግር አለው፣ ተመልሶ አይመጣም። ቴሌግራም ላይ የተሳሳታችሁትን ቪዲዮ በሌላ መተካት ትችላላችሁ፣ ሚሞሪ ላይ የሄደውን ግን አትደርሱበትም። ስለዚህ ያረማችሁትን በአዲስ ስም አውጡ፣ «03 የታረመ» በሉት፣ የሚቀጥለው ቪዲዮ መጀመሪያ ላይም ስህተቱን ራሳችሁ ተናገሩ። እኔ አንዱ ላይ ድንጋዩ ከፍተኛው ነጥብ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ዜሮ ይሆናል ብያለሁ። ዜሮ የሚሆነው ወደ ላይ ያለው ፍጥነት ብቻ ነው፣ የአግድሙ እንዳለ ነው፤ ከሁለት ቪዲዮ በፊት ያስተማርኩት እኮ ይህንኑ ነበር! አረምኩት፣ ተካሁት፣ ተናገርኩ። ባለፈው ቢቸና አንዲት ተማሪ አግኝታኝ «ቲቸር፣ ያ ከላይ ሲደርስ ዜሮ ያልከው ልክ ነው እንዴ?» አለችኝ። የያዘችው የድሮውን ነበር።